መሬቱ የማን ነበር? የክሌር ቤተሰብና የኖርማን ዘመን ማነሮች

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፈክ በተባለው ግዛት፣ ስቱር ወንዝ ዳር ክሌር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ1066 በፊት ይህችን ቦታና በዙሪያዋ ያሉ ብዙ መንደሮችን ይዘው የኖሩት ኤልፍሪክ የተባለ እንግሊዛዊ ጌታና ልጁ ዊትጋር ነበሩ። በ1086 የንጉሡ ጸሐፊዎች የአገሩን መሬት ሲመዘግቡ ግን ክሌር በሌላ ሰው ስም ተጻፈች። ሰውየው ሪቻርድ ፊትዝ ጊልበርት ይባላል፤ በሰሜን ፈረንሳይ ካለችው ከኖርማንዲ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ የድል አድራጊው የንጉሥ ዊልያም ዘመድ ነው። የዊትጋር ስም በመዝገቡ የቀረው «ቀድሞ ይዞት የነበረ» ለማለት ብቻ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አገር በ20 ዓመት ውስጥ ባለመሬቱን እንዲህ ከላይ እስከ ታች ሲለውጥ በታሪክ ብዙ ጊዜ አይታይም። ነገሩን ለመረዳት ደግሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው አዲሶቹ ጌቶች መሬቱን በምን መብት እንደያዙት፣ ሁለተኛው «ማነር» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ። ዛሬ ማነር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሰፊ ግቢ ያለው የድንጋይ ቤት ነው። በመካከለኛው ዘመን ግን ቤቱ ከማነሩ ትንሹ ክፍል ነበር፤ ጭራሽ ቤት የሌለበት ማነርም ነበር።

የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ኦክቶበር 14 ቀን 1066 ሄስቲንግስ አጠገብ ንጉሥ ሃሮልድን ድል አድርጎ ገደለ፤ በዚያው ዓመት በፈረንጆች ገና ዕለት ዌስትሚንስተር ውስጥ ዘውድ ጫነ። ዊልያም ራሱን እንደ ወራሪ አላቀረበም። «ከሃሮልድ በፊት የነገሠው የንጉሥ ኤድዋርድ ሕጋዊ ወራሽ እኔ ነኝ» አለ። ይህች አባባል ቀላል ትመስላለች፤ የመሬቱ ነገር ሁሉ የተመዘዘው ግን ከእሷ ነው። እሱ ሕጋዊ ንጉሥ ከሆነ፣ ከሃሮልድ ጋር ተሰልፎ የወጋው ሁሉ ከሃዲ ነው፤ የከሃዲ መሬት ደግሞ ይወረሳል። መጀመሪያ የሃሮልድ ቤተሰብና ሄስቲንግስ ላይ የወደቁት ሰዎች መሬት ተወሰደ። የተረፉት እንግሊዛውያን ገንዘብ ከፍለው መሬታቸውን መልሰው እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። ከዚያ አመፅ ተነሣ፤ ከአመፁ በኋላ ሌላ ውርስ ተከተለ። በ1069 እና 1070 ክረምት ንጉሡ ሰሜኑን አገር በእሳት አጠፋው፤ ከ16 ዓመት በኋላ እንኳ የመዝገብ ጸሐፊዎቹ በዮርክሺር መንደር በመንደር እየዞሩ «ጠፍ» ብለው ከመጻፍ በቀር የሚመዘግቡት አጡ። በ1086 ከንጉሡ በቀጥታ ሰፊ መሬት የያዙ እንግሊዛውያን ሁለት ብቻ ቀሩ፤ የአርደኑ ቶርኬልና የሊንከኑ ኮልስዌይን።

ንጉሡ የወረሰውን መሬት ለተከታዮቹ ሲሰጥ አልሸጠውም፤ በስጦታም አልለቀቀውም። አስያዛቸው። በኖርማኖች እንግሊዝ ከንጉሡ በቀር የመሬት ባለቤት የሚባል ሰው አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ ያዥ ነው። ባሮን የሚባለው ትልቁ ጌታ በቀጥታ ከንጉሡ ይይዛል፤ ለያዘውም በጦርነት ጊዜ ይህን ያህል ፈረሰኛ ወታደር ሊያቀርብ እጁን በጌታው እጅ ውስጥ አስገብቶ ይምላል። ባሮኑ በፋንታው ከመሬቱ ቆርሶ ለራሱ ፈረሰኞች ይሰጣል፤ እነሱም ከእሱ ይይዛሉ። ከእነሱ በታች ገበሬው አለ። በአንድ እርሻ ላይ እንዲህ ሦስትና አራት ሰው ተደራርቦ መብት ነበረው፤ «መሬቱ የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁሉም «የእኔ ነው» ማለት ይችላል፤ ሁሉም እውነቱን ነው።

ለእኛ አንባቢ ይህን ለማስረዳት የሚቀርበው ቃል ጉልት ነው። ጉልተኛው ከመሬቱ ግብር የመብላት፣ በመሬቱ ላይ ባሉ ሰዎች ላይ የመፍረድ መብት አለው፤ መብቱም ከንጉሥ የተሰጠ ነው። እስከዚህ ድረስ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት ከሥር ነው። በጉልት አገር ገበሬው ከአባቶቹ የወረደ ርስት ሊኖረው ይችል ነበር፤ ጉልተኛው ቢሻርም ርስቱ አይናወጥም። የእንግሊዙ ማነር ገበሬ ግን በንጉሡ ሕግ ፊት ርስት የሚባል አልነበረውም። ንጽጽሩን እዚህ ላይ ማቆም ይሻላል።

የሪቻርድን ድርሻ ስናይ አሰጣጡ ጭፍን ዘረፋ እንዳልነበረ ይገባናል። ሰፈክ ውስጥ የተሰጠው አብዛኛው የዊትጋር መሬት እንዳለ ነው። ዊትጋር የትም ያለው መንደር፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የሪቻርድ ሆነ፤ የዊትጋር ዕዳና ክርክር ሳይቀር ወደ እሱ ዞረ። «የእኔ ቀዳሚ» እያሉ የድሮውን ባለመሬት መጥራት የኖርማኖቹ የክርክር ቋንቋ ሆነ፤ ከሥፍራው ያባረሩትን ሰው መብት ለመውረስ ስሙን መጥራት ነበረባቸውና። የአንድ ባሮን መሬት በብዙ ግዛቶች ተበታትኖ የምናገኘው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ኬንት ውስጥ ሪቻርድ ሌላ ምሽግ ተሰጠው፤ ተንብሪጅ ይባላል። ስለ ተንብሪጅ የሚተረክ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። ቤተሰቡ ኖርማንዲ ውስጥ ብሪዮን የሚባል የአባት አገር ነበረውና ተንብሪጅ የተሰጠው በብሪዮን ምትክ ነው ይባላል። ልውውጡ እኩል እንዲሆን በብሪዮን ዙሪያ ቀላድ ተጣለ፤ ያው ገመድ ባሕር ተሻግሮ በተንብሪጅ ዙሪያ ተዘረጋ።

ሁሉን የሚያሳየን መዝገብ የታዘዘው በ1085 የገና በዓል ላይ፣ ግሎስተር ከተማ ውስጥ ነው። ንጉሡ አገሩ ውስጥ ማን ምን እንደያዘ ማወቅ ፈለገ። መርማሪዎች በየግዛቱ ተላኩ፤ ከየወረዳው ሰዎች ተጠርተው በመሐላ መሰከሩ፤ ምስክሮቹ ገሚሱ እንግሊዛዊ ገሚሱ ኖርማን እንዲሆኑ ተደረገ። የማነሩ ስም ማን ይባላል? በንጉሥ ኤድዋርድ ዘመን ማን ያዘው? አሁንስ ማን ይዞታል? ስንት ማረሻ አለ? ስንት ገበሬ፣ ስንት ባሪያ፣ ስንት ነፃ ሰው? ጫካው፣ ግጦሹ፣ ወፍጮው፣ የዓሣ ኩሬው ምን ያህል ነው? ያኔ ስንት ያወጣ ነበር፣ ዛሬስ? የዘመኑ እንግሊዛዊ ዜና መዋዕል ጸሐፊ አንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ አንድ አሳማ እንኳ ሳይመዘገብ አልቀረም ይላል፤ ይህን መናገር እንኳ አሳፋሪ ነው ሲልም ይጨምራል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሕዝቡ መዝገቡን «ዱምስዴይ» እያለ ይጠራው ነበር፤ የፍርድ ቀን ማለት ነው። እዚያ ላይ በተጻፈው ይግባኝ የለምና።

መዝገቡ ከ13,000 በላይ ቦታዎችን ይዟል። ሲደመር፣ ከአገሩ መሬት አንድ አምስተኛ ገደማው በንጉሡና በቤተሰቡ እጅ ነው፤ አንድ አራተኛ ገደማው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከቀረው አብዛኛውን 200 የማይሞሉ ባሮኖች ተካፍለውታል። ከነዚህም ውስጥ የንጉሡ የእናት ልጆች ኦዶና ሮበርት፣ የሱሪው ዊልያም ደ ዋረን፣ የቼስተሩ ሂዩ፣ የሽሩስበሪው ሮጀር፣ የሪችመንዱ አለን፣ የእኛው ሪቻርድም ያሉበት ጥቂት ሰዎች ትልቁን ድርሻ ይዘዋል። በተቃራኒው መሬታቸውን ያጡት እንግሊዛውያን ጌቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ጨርሰው አልጠፉም፤ በገዛ መሬታቸው ላይ የኖርማን ጌታ ተከራይ ሆነው የተመዘገቡ አሉ። እነዚያን መስመሮች ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይከብዳል።

አሁን ወደ ማነሩ ራሱ እንግባ። ማነር ማለት አንድ ጌታ ከአንድ ቦታ የሚያገኘው መብት ሁሉ አንድ ላይ ሲታሰር ነው። መሬት አለው፣ ሰው አለው፣ ችሎት አለው። ከመንደር ጋር አንድ አይደለም፤ አንድ መንደር ለሁለትና ለሦስት ማነር ሊከፈል ይችላል፤ አንድ ማነርም ብዙ መንደር ሊያቅፍ ይችላል። መሬቱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የጌታው ሁዳድ ነው፤ ምርቱ በቀጥታ ወደ ጌታው ጎተራ ይገባል። ሁለተኛው ገበሬዎቹ ለራሳቸው የሚያርሱት ነው። በብዙ ቦታ የገበሬው ማሳ አንድ ላይ የተኮለኮለ አልነበረም፤ አጥር በሌላቸው ሰፋፊ እርሻዎች ላይ በረጃጅም ቀጫጭን ትልሞች ተበታትኖ፣ ከጎረቤቱ ትልምና አንዳንዴም ከጌታው ትልም ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ኖቲንግሃምሺር ውስጥ ላክስተን በምትባል መንደር ይህ አስተራረስ ዛሬም አለ።

ሁዳዱን የሚያርሰው ቪለን የሚባለው ጭሰኛ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለጌታው ይሠራል፤ በአጨዳ ጊዜ ተጨማሪ ቀን ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ ጌታው ምግብና ጠላ ያቀርባል። እህሉን በጌታው ወፍጮ ማስፈጨት፣ ለወፍጮውም ከእህሉ መክፈል አለበት። ልጁን ሲድር ይከፍላል። ሲሞት ከከብቶቹ ምርጡ ለጌታው ይሄዳል። ሳያስፈቅድ ማነሩን ለቆ መሄድ አይችልም። በዱምስዴይ ጊዜ ከእሱ በታች ባሪያዎች ነበሩ፤ ከተመዘገበው ሕዝብ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናሉ፤ በሚቀጥለው መቶ ዓመት ውስጥ ባርነቱ ቀስ በቀስ ጠፍቶ ልጆቻቸው ከጭሰኛው ጋር ተቀላቀሉ።

እንደ ክሌር ያለ ቤተሰብ ብዙ ማነር ስለያዘ ጌታው ሁሉንም ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ምስለኔው ከማነር ማነር እየዞረ ችሎት ያስችላል፣ ሒሳብ ይመረምራል። በቦታው የዕለት ሥራውን የሚያሠራው ጭቃ ሹም ከጭሰኞቹ መካከል የሚመረጥ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሪቭ» ይሉታል። ሴፕቴምበር 29 በሚውለው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ዓመቱ ይዘጋና ጭቃ ሹሙ ስለ እያንዳንዱ ቁና እህልና ስለ እያንዳንዱ ዶሮ ሒሳብ ያስረክባል፤ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። ሹመቱን የሚሸሹት፣ ላለመሾም ገንዘብ የሚከፍሉም ነበሩ።

ችሎቱን ግን እንደ ጌታው መሣሪያ ብቻ ማየት ስህተት ይመስለኛል። ፍርዱ «የማነሩ ልማድ» በሚባለው መሠረት ነው፤ ልማዱን የሚያስታውሱትና የሚናገሩት ደግሞ ራሳቸው ገበሬዎቹ ናቸው። ጭሰኛው በንጉሡ ፍርድ ቤት ጌታውን መክሰስ ባይችልም፣ በማነሩ ችሎት ግን «አባቴም አያቴም ይህን ሥራ አልሠሩም» ብሎ መቆም ይችል ነበር። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርክሩ በብራና ጥቅልል እየተጻፈ ስለተቀመጠ ብዙዎቹን ዛሬ ማንበብ ይቻላል፤ ከብቱ ሰብል የበላበት፣ ጠላዋን በጎደለ መስፈሪያ የሸጠች፣ ትልሙን ገፍቶ ያረሰ፣ ሁሉም በስማቸው አሉ። ነገሥታቱን ከሚያወሳው ዜና መዋዕል ይልቅ አገሩን ያየሁት በእነዚህ ጥቅልሎች ነው።

የኖርማን ቤተሰቦች ስም ከመሬቱ ጋር የተጣበቀበት መንገድም ከማነሩ የመጣ ነው። ስቶክ ወይም አሽቢ የሚባል መንደር በየቦታው ነበርና ለመለየት የጌታው ስም ተጨመረበት፤ ስቶክ ማንደቪል፣ አሽቢ ደ ላ ዙሽ፣ ሜልተን ሞውብሬይ። ለንደን የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት የስታንስቴድ አውሮፕላን ማረፊያም አጠገቡ ያለችው መንደር ሙሉ ስሟ ስታንስቴድ ማውንትፊቼት ነው። በሌላ በኩል ቤተሰቡ የመሬቱን ስም ይወስዳል። «ፊትዝ» በኖርማኖች ፈረንሳይኛ ልጅ ማለት ነው፤ እኛ «ወልደ» እንደምንለው። ሪቻርድ ፊትዝ ጊልበርት የጊልበርት ልጅ ሪቻርድ ነው። የእሱ ዘሮች ግን የአባትን ስም ትተው «ደ ክሌር»፣ ክሌሮች ተባሉ።

ቤተሰቡ ክሌርን መያዝ ብቻ ሳይሆን ማውረስ ነበረበት፤ አስቸጋሪው ይህ ነው። መሬቱ የተያዘ እንጂ የራስ ስላልሆነ፣ ያዡ በሞተ ቁጥር ንጉሡ በመሐል ይገባል። ወራሹ አባቱ የያዘውን ለመግባት ይከፍላል። ዋጋው ስላልተወሰነ ንጉሡ የፈለገውን ይጠይቅ ነበር። ወራሹ ሕፃን ከሆነ ንጉሡ ልጁንም መሬቱንም በሞግዚትነት ይይዛል፤ እስኪያድግ ድረስ ገቢውን ይበላል፤ ማንን እንደሚያገባም ይወስናል። መብቱን ለሌላ ሰው ሊሸጠውም ይችላል። ባል የሞተባት ሴትም እንዲሁ፤ በ1185 የንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ሹማምንት በንጉሡ እጅ ያሉ መበለቶችንና ሕፃናት ወራሾችን ከነዕድሜያቸውና ከነመሬታቸው ዋጋ እየቆጠሩ መዝግበዋል። ጥቅልሉ ዛሬም አለ፤ ከላሞቹ ቆጠራ ቀጥሎ የእናቲቱ ዕድሜ ተጽፎ ሲታይ ያማል።

ክሌሮች ይህን በራሳቸው ላይ ቀምሰውታል። በ1230 ጊልበርት ደ ክሌር ሲሞት ልጁ ሪቻርድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ሞግዚትነቱ ለንጉሡ ታላቅ ሹም ለሂዩበርት ደ በርግ ተሰጠ፤ ሂዩበርት ከሥልጣን ከወደቀ በኋላ ሴት ልጁ ከብላቴናው ጋር በምስጢር መጋባቷ ተሰማና ትልቅ ቅሌት ሆነ። ልጅቱ በ1237 ሞተች፤ በሚቀጥለው ዓመት የሊንከኑ ኧርል (ኧርል ከባሮኖች ሁሉ ከፍ ያለ ማዕረግ ነው) ለንጉሡ ገንዘብ ከፍሎ ሪቻርድን የራሱን ልጅ አጋባው። እንግዲህ ቀደም ብሎ በ1215 ንጉሥ ጆን ለባሮኖቹ የሰጠው የመብት ሰነድ፣ ማግና ካርታ፣ መጀመሪያ ክፍሎቹ ላይ ስለ መግቢያ ክፍያ፣ ስለ ሞግዚትና ስለ መበለቶች መናገሩ አያስገርምም። ለኧርል መግቢያው 100 ፓውንድ፣ ለአንድ ፈረሰኛ ይዞታ ቢበዛ 100 ሺሊንግ ተባለ፤ መበለት ያለ ፈቃዷ እንዳትዳር ተባለ። ንጉሡን ቃሉን ለማስጠበቅ ከተመረጡት 25 ባሮኖች መካከል ሁለቱ ክሌሮች ናቸው፤ አባትና ልጅ።

ውርሱ ለበኩር ወንድ ልጅ ብቻ ነው። ርስት ለልጆች ሁሉ በሚካፈልበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ጨካኝ ሕግ ይመስላል፤ ለታናናሾቹም ጨካኝ ነበር። ግን ክሌሮች ማነሮቻቸውን ለሁለት መቶ ዓመት ሳይበትኑ ያቆዩት በእሱ ነው። ወንድ ሲጠፋ ግን ሴቶች ልጆች እኩል ይካፈላሉ፤ እዚህ ላይ የእንግሊዝ ታሪክ ብዙ ጊዜ አቅጣጫውን ቀይሯል። አየርላንድ የዘመተው ሪቻርድ ደ ክሌር፣ ስትሮንግቦው የተባለው፣ ወራሽ ሆና የቀረችው ልጁ ኢዛቤል በ1189 ለዊልያም ማርሻል ተዳረች። ማርሻል በጦር ሜዳና በፈረስ ግጥሚያ ስሙ የገነነ፣ ግን ይህ ነው የሚባል መሬት ያልነበረው ሰው ነው፤ በአንድ ሠርግ ከአገሩ ታላላቅ ጌቶች አንዱ ሆነ። አምስት ወንዶች ልጆች ወለደ። አምስቱም ተራ በተራ ወራሽ ሳይተኩ ሞቱ፤ በ1245 መሬቱ ለአምስቱ ሴቶች ልጆቹ ዘሮች ተከፋፈለ። ከሴቶቹ አንዷ የክሌር ሚስት ነበረችና ከፊሉ ወደ ክሌሮች ተመለሰ።

የክሌሮች ተራ የደረሰው ጁን 24 ቀን 1314 ነው። የግሎስተሩ ኧርል ጊልበርት፣ የ23 ዓመት ወጣት፣ ስኮትላንድ ውስጥ ባኖክበርን ላይ ተገደለ። ልጅ አልነበረውም። ሚስቱ ሞድ «ነፍሰ ጡር ነኝ» አለች፤ ልጅ ከተወለደ መሬቱ አይከፈልምና ሁሉም ጠበቀ። ዘጠኝ ወር አለፈ፤ ዓመት አለፈ፤ ንጉሥ ኤድዋርድ ሁለተኛም የሚጠብቅ መስሎ ቆየ፤ መሬቱ እስኪከፈል ድረስ በእጁ ነው። በ1317 ሦስቱ እኅቶች ተካፈሉ። የታላቂቱ የኤሌኖር ባል ሂዩ ዲስፔንሰር በድርሻው አልረካም፤ የንጉሡን ፍቅር ተማምኖ በዌልስ የባልንጀሮቹን ማነር መቀማት ጀመረ። በ1321 ጎረቤቶቹ ጦር አንሥተው አገሩን አመሱት፤ በ1326 እሱ በስቅላት ሞተ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ንጉሡ ራሱ ከዙፋኑ ወረደ። የአንድ ወጣት ያለ ልጅ መሞት ይህን ያህል ርቆ ሄደ።

ክሌር ራሷ የደረሰችው ለታናሺቱ ለኤልሳቤጥ ነው። ሦስት ባሎች የቀበረች ሴት ናት። አራተኛ ባል አላገባችም፤ በክሌር ምሽግ ተቀምጣ ማነሮቿን ራሷ አስተዳደረች፤ የቤቷ የወጪ መዝገቦች፣ የሰሙ፣ የዓሣውና የወይን ጠጁ ሒሳብ ሳይቀር፣ እስከ ዛሬ አሉ። ኬምብሪጅ ውስጥ በስሟ የቆመው ክሌር ኮሌጅ ገቢው ከእነዚህ ማነሮች ነበር የመጣው። በ1360 ስትሞት ርስቱ ለልጅ ልጇ አለፈ፤ ልጅቱ ያገባችው የንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛን ልጅ ሊዮኔልን ነው፤ «የክላረንስ መስፍን» የተባለው ከክሌር ስም ነው። ከዚያ በሴት ልጅ ወደ ሞርቲመሮች፣ እንደገና በሴት ልጅ ወደ ዮርኮች ሄደ። በ1461 የዮርኩ ኤድዋርድ ነገሠ። ዊልያም ለሪቻርድ ያስያዘው መሬት ከ400 ዓመት ትንሽ ሲቀረው ወደ ንጉሥ እጅ ገባ።

ገበሬዎቹ በዚህ ሁሉ መሐል ይዞታቸው ቀስ እያለ ተለውጧል። በ1348 የገባው ቸነፈር ከሕዝቡ ምናልባት ግማሹን ገደለ፤ የሚያርስ እጅ ሲወደድ ሁዳድ ማሳረስ አዳገተ። በ1381 ሰፈክን ጨምሮ በብዙ ግዛት ገበሬው ተነሥቶ የማነር ጥቅልሎችን አቃጠለ፤ ከክሌር ጎረቤት መንደር የወጣው ዋና ዳኛ ጆን ካቨንዲሽ በዚያ አመፅ ተገደለ። አመፁ ቢመታም የጉልበት ግብሩ በገንዘብ እየተተካ ሄደ። ጭሰኛው ስሙ በማነሩ ጥቅልል ስለሰፈረ የጥቅልሉን ግልባጭ እንደ ሰነድ ይይዝ ጀመር፤ ከጊዜ በኋላ የንጉሡ ፍርድ ቤቶችም ያንን ወረቀት ተቀበሉት። «በግልባጭ መያዝ» የሚባለው ይህ ይዞታ በእንግሊዝ ሕግ የቆየው እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1926 ድረስ ነው።